አምስት መቶ አንደኛው አባል

ኮድ መጻፍ ሞተ የሚለው ወሬ በየዓመቱ ይሞታል፣ በየዓመቱም ይነሣል። የዘንድሮው መልኩ እንዲህ ነው፦ ሎው ኮድ የሚባሉ መሣሪያዎች ስለመጡ ማንኛውም ባለሱቅ፣ ማንኛውም የእድር ጸሐፊ በቅዳሜና እሁድ የራሱን መተግበሪያ ሠርቶ ሰኞ ሥራ ላይ ያውላል፤ ፕሮግራመር የሚሉት ሰው ቀርቷል። ግማሹ እውነት ነው፤ ችግሩም እዚያው ነው። ሲያትልና አካባቢዋ የእነዚህ መሣሪያዎች ማዕድ ቤት ናት፤ ከሐይቁ ማዶ ሬድመንድ ያለው ማይክሮሶፍት ፓወር አፕስን በ2016 (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ አቀረበ፤ ጉግል በ2020 የገዛው አፕሺትም የሲያትል ልጅ ነው። መሣሪያዎቹ ይሠራሉ፤ ቅጽ፣ ዝርዝርና ማሳሰቢያ መልእክት በጥቂት ሰዓት ያወጣሉ። ነገር ግን እንጀራ ከሱቅ የገዛ ሰው ሊጥ አላቦካም ማለት ሊጡ አልቦካም ማለት አይደለም። ሌላ ሰው አቡክቶታል፤ የቦካበትን ቀን የማይጠይቅ በላተኛ ደግሞ አንድ ቀን የኮመጠጠ ይደርሰዋል።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ሎው ኮድ የሚለውን መጠሪያ ያስለመደው በ2014 ፎሬስተር የተባለው የገበያ አጥኚ ድርጅት ነው። አንዳንዶች «አነስተኛ ኮድ» ብለው ተርጉመውታል፤ አይጥመኝም፤ ያነሰው ኮዱ ሳይሆን የሚታየው ኮድ ነውና። ስለዚህ ሎው ኮድ ብዬ እቀጥላለሁ። አዝራር እንዴት እንደሚጎተት፣ ቅጽ እንዴት እንደሚሞላ የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል፤ እዚያ ላይ ቀለም አልጨርስም። የማንም ቪዲዮ በወጉ የማያብራራው ሌላ ነገር ነው፦ አንድ ፎርሙላ ሲጻፍ ሥራውን የሚሠራው ማነው? እጅ ላይ ያለው ስልክ ወይስ ሩቅ ያለው ሰርቨር?

የእድሩ የአባላት መዝገብ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው። መተግበሪያው «ያልከፈሉትን አሳየኝ» ሲባል ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ጥያቄውን ወደ ሰርቨሩ ልኮ መልሱን ብቻ መቀበል ነው። ሁለተኛው መዝገቡን ወደ ስልኩ አስጭኖ እዚህ ማጣራት ነው። የመጀመሪያውን የሙያው ሰዎች ዴሌጌሽን ይሉታል፤ እኛ ውክልና ብንለው ደግሞ ከውጭ አገር ኗሪ ይበልጥ የሚገባው የለም። ሲያትል የተቀመጠ ሰው አዲስ አበባ ያለውን ቤት ለመሸጥ ቤቱን በአውሮፕላን አያስመጣም፤ ለወንድሙ ውክልና ይልካል። በውክልናው ላይ «መሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ ካልሰፈረ ግን ወንድምየው ማስተዳደር ቢችል እንኳ መሸጥ አይችልም። የመረጃ ማከማቻዎችም እንዲሁ የተፈቀደላቸው ሥራ ይለያያል። ብዙ ድርጅት የሚጠቀምበት የሼርፖይንት ዝርዝር «የአባል ቁጥሩ ይህ የሆነውን አምጣ» ሲባል በውክልና ይፈጽማል፤ «ሁሉንም ደምር» ሲባል ግን ከፓወር አፕስ ውክልናውን አይቀበልም። ዳታቨርስ የተባለው የማይክሮሶፍት ማከማቻ መደመርን ይቀበላል፤ እሱም የራሱ ጣሪያ አለው።

ምሳሌው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያሳስበውም ይኸው ነው። ውክልናው የማይበቃው ወንድም መሥሪያ ቤት ደርሶ «አይቻልም» ተብሎ ይመለሳል፤ እናንተም ትሰማላችሁ። ፓወር አፕስ ግን «አልችልም» አይልም። ከመዝገቡ የመጀመሪያዎቹን 500 ረድፎች ብቻ ያመጣና በእነሱ ላይ ይደምራል። 500 የተባለው ነባሪው፣ ማለትም ማንም ካልቀየረው የሚሠራው፣ ልክ ነው። ሙሉ መዝገብ በስልክ ኔትወርክ ላይ እንዳይጎተት የተቀመጠ አጥር ነው፤ በራሱ ክፉ አሳብ አይደለም። እንበልና አንድ እድር 620 አባላት አሉት፤ እያንዳንዱ 20 ዶላር ከፍሏል። ባንክ የገባው 12,400 ዶላር ነው፤ መተግበሪያው የሚያሳየው ልክ 10,000። ቁጥሩ ያማረ፣ የተሞላ፣ ምንም ቀይ ምልክት የሌለበት ነው። ጉባኤው 2,400 ዶላሩን የሚጠይቀው መተግበሪያውን አይደለም፤ ገንዘብ ያዡን ነው። መተግበሪያው በተሠራበት ሰሞን በ40 አባላት ተሞክሮ ልክ ነበር፤ ስሕተቱ የተወለደው አምስት መቶ አንደኛው አባል የተመዘገበ ቀን ነው። ለሠሪው በእርግጥ ማስጠንቀቂያ ይታየዋል፤ ፎርሙላው ሥር መስመር ይሰመርበታል። ለተጠቃሚው ግን ምንም አይታየውም።

«ታዲያ ልኩን ከፍ ማድረግ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ይቻላል፤ እስከ 2,000። ከዚያ በኋላ ችግሩ ሁለት ሺህ አንደኛውን አባል ይጠብቃል። ይህ የጥቃቅን እድር ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ የ2020ን መኸር ያስታውስ። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት በአሮጌ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ሲገለገል፣ ያ ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይይዝ፣ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ወደቁ። ከእነሱ ጋር የተነካኩ ሰዎችን ፍለጋም በዚያው ልክ ዘገየ። ጣሪያ መኖሩ አይደለም ጥፋቱ፤ ጣሪያው ዝም ማለቱ ነው።

ፎርሙላ መጻፍ ፕሮግራም መጻፍ ነው ወይ? እዚህ ሙያችን ራሱ ይከራከራል፤ እኔም በጥንቃቄ ነው የምናገረው። አንድ ወገን ፎርሙላ የሚጽፍ ሰው ውጤቱን ይገልጻል እንጂ ቅደም ተከተሉን አያዝዝም፣ ስለዚህ ፕሮግራመር አይደለም ይላል። ነገር ግን በዚህ ሚዛን ከተኬደ ስመ ጥር የፕሮግራም ቋንቋዎችም ይወድቃሉ፤ ፎርሙላም ኮድ ነው በሚለው በሌላው ወገን ሚዛን ደግሞ ቪዚካልክ ከተባለው ከ1979ኙ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ጀምሮ ፎርሙላ የጻፈ የሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ ፕሮግራመር ሆኖ ይገኛል። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2021 የፓወር አፕስን ፎርሙላ ፓወር ኤፍኤክስ ብሎ የቋንቋ ስም ሰጥቶታል። የእኔ ሚዛን፣ ሌላው ባይስማማበትም፣ ይህ ነው፦ ውጤቱ ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ ማወቅ ያለበት ሰው ፕሮግራመር ነው፣ ስሙን ወደደውም ጠላውም። በዚህ ሚዛን መሣሪያዎቹ ፕሮግራመርን አላጠፉም፤ ሳይነግሩት አዲስ ሹመት ሰጡት እንጂ።

ተቃራኒው ወሬም መታረም አለበት፤ «ሎው ኮድ ማለት የተከፈተ በር ነው» የሚለው። መነሻው በነሐሴ 2021 የወጣው ዜና ነው፤ 38 ሚሊዮን የግል መረጃ ተጋልጦ ተገኘ። የስርቆት ዜና ግን አልነበረም። አፕጋርድ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ያገኘው፣ በፓወር አፕስ ፖርታል የተሠሩ የ47 ተቋማት ገጾች መረጃቸውን ለማንም ጠያቂ ይሰጡ እንደነበር ነው፤ የአሜሪካን አየር መንገድ፣ ፎርድና ማይክሮሶፍት ራሱ ከእነሱ መካከል ናቸው። መረጃውን ማን ማየት እንደሚችል የሚወስነው፣ የሠንጠረዥ ፈቃድ የሚባለው ቁልፍ በነባሪ ያልበራ ነበር፤ ሠሪዎቹም አላበሩትም። ጥፋቱ የማን ነው? ቁልፉን ሳይቆልፍ ያስረከበው ነው የሚል አለ፣ ሳያይ የተረከበው ነው የሚልም አለ። በሰነዱ ላይ ተጽፎ እንደነበር አይካድም። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ከዚያ በኋላ ነባሪውን መቀየሩ ብዙ ይናገራል። የራሱ ባለሙያዎች የሳቱትን ነገር የቅዳሜና እሁዱ ሠሪ ለምን አላየህም ተብሎ አይወቀስም።

ከአንድ መሣሪያ ጋር ዕድሜ ልክ መጋባት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የሲያትሉ አማዞን ሃኒኮድ የተባለ የሎው ኮድ አገልግሎት በሰኔ 2020 አቅርቦ በየካቲት 29 ቀን 2024 ዘጋው። መረጃው በሠንጠረዥ መልክ ይወጣል፤ ገጾቹና ፎርሙላዎቹ ግን ሌላ ቦታ አይሠሩም። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ እድር ወረቀቱን ትቶ በፓወር አፕስ መተግበሪያ ቢሠራ አልቃወምም፤ ሰኞ ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ሙከራ ያድርግ። በቅንብሩ ውስጥ ያንን 500 የሚለውን ልክ ወደ 1 ዝቅ ያድርገው። በውክልና ያልሄደው ፎርሙላ ሁሉ ያኔ ይጋለጣል፤ ከ620 አባላት 20 ዶላር ብቻ ሰበሰብን የሚል ድምር ካየ ደግሞ ገንዘብ ያዡ ከጉባኤው በፊት ፎርሙላውን ለማስተካከል ጊዜ አለው።