ያውቁ ኖሯል? ብርሃን ማረፊያ ካላገኘ አይታይም

በሕንፃ መሃል ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ክፍት የሚተወውን ቦታ አርክቴክቶች አትሪየም ይሉታል። እዚያ ውስጥ የብርሃን ጥበብ ሊሠራ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው እውነት ይህ ነው፦ በንጹሕ አየር ውስጥ የሚያልፍን ጨረር ከጎን የቆመ ሰው አያየውም። ስለዚህ ጎበዝ ዲዛይነር አምፖል ከመምረጡ በፊት ብርሃኑን የሚቀበለውን ይመርጣል። መስታወት፣ ሽቦ፣ ጨርቅ፣ ግድግዳ፣ አንዳንዴም ጭጋግ።

ያውቁ ኖሯል? አርቲስቱ ኦላፈር ኤልያሰን እ.ኤ.አ. በ2003 በለንደኑ ቴት ሞደርን ሙዚየም ግዙፍ አዳራሽ ያወጣት «ፀሐይ» ግማሽ ክብ ብቻ ነበረች። ቀሪውን ግማሽ የሞላው ጣሪያው ላይ የተዘረጋው መስታወት ነው። ወደ 200 የሚጠጉት አምፖሎች አንድ ዓይነት ቢጫ ብርሃን ብቻ ስለሚያወጡ ቀይ ሹራብም ሰማያዊ ቀሚስም አዳራሹ ውስጥ ቀለማቸውን ያጡ ነበር። ሁሉም ነገር ቢጫና ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር። ሥራውን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኘው፤ ብዙዎቹ ወለሉ ላይ ተንጋለው ራሳቸውን ጣሪያው ላይ ይፈልጉ ነበር። ለትልቅ ባዶ ቦታ ከተሠሩት ሁሉ ደጋግሞ ሊጠና የሚገባው ይህ ሥራ ይመስለኛል። የቆመው በመስታወት፣ በስስ ጭጋግና በአንድ ቀለም ነው።

ያውቁ ኖሯል? የአትሪየም መብራት ዋና ተፎካካሪ ፀሐይ ናት። ለቢሮ ጠረጴዛ 500 ሉክስ ያህል ብርሃን ይበቃል፤ የቀትር ፀሐይ ደጅ ላይ ወደ 100,000 ሉክስ ትሰጣለች። ጣሪያው መስታወት ከሆነ ማታ ሰውን አፍ የሚያስከፍት ሥራ ቀን ላይ የተንጠለጠለ ሽቦ ብቻ መስሎ ይውላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መግቢያና በነሐሴ ማብቂያ ግድም፣ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ትውላለች። ያን ሰሞን ጨረሩ ያለ ከልካይ እስከ ምድር ቤቱ ወለል ይወርዳል። በእኔ እምነት እዚህ የሚሠራ ሰው ፀሐይን ከመታገል ቢያሠራት ይሻለዋል፤ ቀን ጥላና ነጸብራቅ የሚጥል፣ ሲመሽ በራሱ የሚበራ ሥራ።

እንዲህ ያደረጉ አሉ። አርክቴክቱ ኖርማን ፎስተር በሆንግ ኮንግ በሠራውና እ.ኤ.አ. በ1985 በተጠናቀቀው የኤችኤስቢሲ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ከውጭ የተተከሉ መስታወቶች የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ወደ ውስጥ ያቀብላሉ፤ በአትሪየሙ አናት ያሉት ደግሞ ወደ ታች ያወርዱታል።

የእኛም አገር የዚህ ጥበብ ጌታ ነበራት። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ መግቢያ የቆመው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ሦስቱ መስኮቶች የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይናገራሉ። ቀለሙን የሚያበራው የደጁ ብርሃን ስለሆነ ሰማዩ ሲዳምንና ሲገለጥ ሥራውም አብሮ ይለወጣል። ዛሬ ለአዳዲስ የመስታወት ሕንፃዎቻችን መግቢያ የሚያስቡ ባለሙያዎች መጀመሪያ እዚያ ሄደው ግማሽ ቀን ቢቀመጡ እወዳለሁ።

ያውቁ ኖሯል? አርቲስቱ ዳን ፍላቪን ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዝነኛ ሥራዎቹን የሠራው ከሱቅ በሚገዛ ተራ ፍሎረሰንት አምፖል ነው። በ1992 የኒው ዮርኩን ጉገንሃይም ሙዚየም መሃል በዚያው አምፖል ሞላው። ሌላው የብርሃን አርቲስት ጄምስ ተሬል በ2013 ያንኑ ቦታ በሚለዋወጥ ቀለም አጥለቀለቀው። ተሬል የኮሌጅ ትምህርቱ ሥነ ልቦና፣ በተለይም የስሜት ሕዋሳት አስተውሎት ነበር።

ከፍሎረሰንት ወደ ኤልኢዲ እንለፍ። ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ባይገኝ ዛሬ የምናውቀው ነጭ ኤልኢዲ አይኖርም ነበር። የሰማያዊው ሦስት ፈልሳፊዎች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ወስደዋል።

ዓይን አታላይ ናት። በላይዋ ካረፈው ብርሃን 18 በመቶ ገደማውን ብቻ የምትመልስ ግራጫ ወረቀት የነጭና የጥቁር እኩሌታ መስላ ትታየናለች። ከዚህ የተነሳ የመብራቱ ኃይል በእኩል ደረጃ እየቀነሰ እንዲሄድ ቢታዘዝ፣ ለረጅም ጊዜ ምንም ያልቀነሰ ይመስልና መጨረሻው ላይ ድንገት ድርግም ይላል። ዝግ ብሎ እንደሚመሽ ሰማይ የሚደበዝዝ ብርሃን የሚፈልግ ሰው ቅነሳውን ለዓይን እንዲስማማ አድርጎ ማስላት አለበት።

ዲኤምኤክስ512 የተባለው የመብራት መቆጣጠሪያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1986 ለመድረክ የወጣ ነው። አንዱ መስመር 512 ትዕዛዞች ይይዛል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የምትቀላቅል አንዲት ነጥብ ሦስቱን ስለምትወስድ መስመሩ የሚበቃው ለ170 ነጥቦች ብቻ ነው። ከዚህ ጋር ለማነጻጸር፣ ዋሽንግተን ያላችሁ አንባብያን የአርቲስት ሊዮ ቪላሪያልን ሥራ በናሽናል ጋለሪ የምድር ውስጥ መተላለፊያ በነጻ ማየት ትችላላችሁ፤ 41,000 ገደማ የኤልኢዲ ነጥቦች አሉት።

ያውቁ ኖሯል? በረጅም አትሪየም ጭስ ጣሪያው ጋ ሳይደርስ ቀዝቅዞ መሃል ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሕንፃዎች ከግድግዳ ወደ ግድግዳ በሚተላለፍ የማይታይ ጨረር ጭስን ይጠብቃሉ። የተንጠለጠለው የጥበብ ሥራ ያን ጨረር ከጋረደ የማስጠንቀቂያው ሥርዓት ይታወካል። የእሳት አደጋ መሐንዲሱ መጠራት ያለበት ሥራው ከተሰቀለ በኋላ ሳይሆን ገና በእርሳስ ሲነደፍ ነው።

መጀመሪያ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ኤልኢዲው ሳይሆን ኃይል የሚያቀብለው ፓወር ሳፕላይ ነው። እሱን ሰው በመሰላል በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥ፣ ወይም ሥራውን በዊንች ወደ ወለል ማውረድ እንዲቻል ማድረግ ግድ ነው። ከተለያየ ጊዜ ምርት የመጡ ነጭ ኤልኢዲዎች ደግሞ መልካቸው ትንሽ ይለያያል፤ አንዱ ወደ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ስለዚህ መለዋወጫው ከመጀመሪያው ግዢ ጋር፣ ከአንድ ምርት፣ አብሮ ይገዛል።