የሚዞርበትን ልጅ ማን ይመርምረው?

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ግልቢያ ያየ ሰው የሚያደንቀው ፈረሱንና ጋላቢውን ነው። ጋላቢውን ኮርቻው ላይ የሚያጸናው ግን ጉልበቱ ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ የራስን መዞር የሚለዩ ሦስት ቀጫጭን ቦዮች፣ የመሬትን ስበት የሚለዩ ሁለት ከረጢቶች አሉ። እነዚህ ሲታወኩ ልጅ «ቤቱ ዞረብኝ» ይላል። ገና አፉን ያልፈታው ደግሞ እናቱ ላይ ይጣበቃል፣ ይገረጣል፣ ያስመልሰዋል።

አንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ ሌላው የሚጥል በሽታ። «መሣሪያ ያለበት ይታይ» የሚልም አይጠፋም። ለዚያ የሚኬድበት ባሕር ዳር ከዳንግላ 80፣ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለገበሬ ቤተሰብ ቀላል መንገድ አይደለም። እኔ ግን የመጀመሪያው ምርመራ እዚያው ጤና ጣቢያ ይጀመር ባይ ነኝ።

መሣሪያውም ቢሆን መነሻው ውሃ ነበር። የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ ጆሮ ሲያጥብ፣ ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃ የታካሚውን ዓይን በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚያንቀጠቅጥ አስተዋለ። ለዚህ ሥራው የ1914 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ሲሸለም ሩሲያ ውስጥ የጦር ምርኮኛ ነበር! በ30 እና በ44 ዲግሪ ውሃ የሚደረገው ምርመራ እስካሁን አለ፤ ሕፃን ግን አይታገሰውም።

ለልጅ የሚመቸው ተመራማሪዎቹ ሃልማጊና ከርቶይስ በ1988 (እ.ኤ.አ.) የገለጹት ምርመራ ነው። ልጁ የሐኪሙን አፍንጫ እንዲያይ ይደረጋል፤ ባለቀለም ወረቀት ቢለጠፍበት ደስ ብሎት ያያል። ከዚያ ራሱ በፍጥነት ግን በትንሹ ወደ ጎን ይዞራል። ጆሮው ጤነኛ ከሆነ ዓይኑ የሐኪሙ አፍንጫ ላይ ይቀራል፤ ካልሆነ ከራሱ ጋር ሄዶ ይመለሳል። አንገቱ የተጎዳ ልጅ ላይ አይሞከርም። ስፖንጅ ላይ ዓይን ጨፍኖ መቆምም ብዙ ይናገራል።

ከሁሉ በፊት ግን ጥያቄ ነው፦ ራሱን ይስታል? ከማዞሩ ጋር ራስ ምታት አለ? በቤተሰቡ ማይግሬን ያለበት ሰው አለ? የልጆች ማዞር ብዙ ጊዜ ከማይግሬን ጋር ይዛመዳል፤ ልጁም ራሱን አይስትም። ትኩሳት፣ የጠዋት ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር፣ ወይም እየባሰ የሚሄድ የእግር መንገዳገድ ካለ ግን ሪፈሩ ዛሬውኑ ይጻፍ።

ማጅራት ገትር የያዘው ወይም ጀንታማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የተወጋ ልጅ ማዞር ባይሰማውም ይታይ። በእነዚህ ሳቢያ ሁለቱም ጆሮዎቹ ከተጎዱ ዓለም አይዞርበትም፤ ይልቁንስ ዘግይቶ ይራመዳል፣ ጨለማ ውስጥ ይወድቃል። ውሃ ውስጥ ከጠለቀ ላዩና ታቹ ሊጠፋበት ስለሚችል፣ ወላጆቹ ይህን ዘንገና ሐይቅ ዳር ሳይሆን ምርመራው ክፍል ውስጥ መስማት አለባቸው።