ከድባቴ ሕመም በኋላ ወደ ሥራ መመለስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግሩ ተሰብሮ የከረመ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ ባልንጀሮቹ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» እያሉ ይቀበሉታል። በድባቴ ሕመም ፈቃድ ላይ የቆየ ሰው ግን ምን እንደሚሉት ስለማያውቅ የመሥሪያ ቤቱን ደጅ መርገጥ ይከብደዋል። ሕመሙን የእምነት ጉድለት አድርጎ የሚቆጥርና በእግዚአብሔር ፊት ጭምር የሚያፍርም አለ። የተወደዳችሁ ምእመናን፥ ይህን ሸክም የሚያቀልል ትምህርት ከነቢዩ ከኤልያስ ታሪክ እናገኛለን።

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳትን ከሰማይ ካወረደ በኋላ የኤልዛቤልን ዛቻ ሰምቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ በታችም ተቀምጦ ሞትን ለመነ (1ኛ ነገ. 19፥1-8)። ነቢዩ ዛሬ ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሕመም ነበረበት ማለታችን አይደለም፤ እግዚአብሔር የዛለችን ነፍስ እንዴት እንደሚያነሣ ግን ከዚህ እንማራለን። በዚያች ሰዓት አልገሠጸውም። ተኛ፤ መልአኩም እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በልቶ ተመልሶ ቢተኛም መልአኩ ዳግመኛ መጣለት እንጂ አልተቆጣውም። ከዚያም 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጓዘ፤ ሥራ የታዘዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ዕረፍቱም የመመለሱ ክፍል ነበር።

ስለዚህ የሕመም ፈቃድ ሊያሳፍረን አይገባም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል፤ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ደመወዙ ሲቀንስ ሳይሻላቸው ለመመለስ የሚገደዱ አሉና፥ በዚህ ጊዜ ቤተሰብና የጽዋ ማኅበር ሊደርሱላቸው ይገባል።

ሥራ ጀመርን ብለን መድኃኒት ማቋረጥም አደገኛ ነው። የድባቴ መድኃኒት ሕመሙ ከቀለለ በኋላም ለወራት እንዲቀጥል ሐኪም ያዝዛል፤ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ጸበል መጠመቅም መድኃኒት ለመተው ምክንያት አይደለም። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ መጽሐፈ ሲራክ ያስተምረናል (ሲራክ 38፥1-4)። የእንቅልፍ መጓደል ሕመሙን ስለሚያባብስ ሌሊት በማኅሌት ስለ መቆም፣ መድኃኒቱም በባዶ ሆድ የማይወሰድ ከሆነ ስለ ጾም ከንስሐ አባትና ከሐኪም ጋር መመካከር ይገባል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለፈውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማካካስ አንሩጥ። አሠሪው ከፈቀደ በጥቂት ሰዓት ወይም በቀላል ሥራ መጀመር መልካም ነው። በቡና ሰዓት «ጠፋህሳ፥ ምን ሆነህ ነበር?» የሚለን ቢኖር «ታምሜ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተሽሎኛል» ማለት በቂ ነው። የሕመሙን ስም ለሁሉ መናገር ግዴታ አይደለም፤ ለአንድ ታማኝ ባልንጀራ መንገር ግን ይጠቅማል። ሞትን የመመኘት ሐሳብ ቢመለስ በዚያው ቀን ለቤተሰብ፣ ለሐኪምና ለንስሐ አባት መንገር እንጂ ብቻ መታገል አይገባም።

ባልንጀሮችም ድርሻ አለን። የተመለሰውን ሰው በሹክሹክታና በጥርጣሬ ዓይን አንመልከተው፤ «ጸሎት ብታበዛ ኖሮ አትታመምም ነበር» በማለትም ቁስሉን አንንካ። ሰላምታ መስጠት፣ ምሳ አብሮ መብላት፣ የከበደውን ሥራ ማገዝ ለእርሱ ትልቅ ምጽዋት ነው።

ኤልያስ «ብቻዬን ቀረሁ» ብሎ ሲያዝን እግዚአብሔር ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው፤ ወደ ሥራውም ሲመልሰው ኤልሳዕን ረዳት አድርጎ ሰጠው (1ኛ ነገ. 19፥14-21)። ዛሬም ከሕመም የሚመለስ ወንድማችን ወይም እኅታችን ሥራ ብቻ ሳይሆን ኤልሳዕ ያስፈልጋቸዋል፤ ያ ኤልሳዕ እኛ እንሁን።

የነቢዩ የኤልያስ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።