ከግሸን መልስ

ወላጅ ያጡ ልጆችን ሰብስበው ስላሳደጉት ወይዘሮ አበበች ጎበና ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ወሎ ወደምትገኘው ግሸን ማርያም ያደረጉት ጉዞ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ወሎ በረሃብ በተጎዳበት ጊዜ፣ በሞተች እናቷ ጡት ላይ የተጣበቀች ሕፃን አዩ። ማለፍ አቃታቸው። ሌላ ልጅም ጨምረው አዲስ አበባ ይዘው ገቡ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መንገድ ላይ አንጀታችን የሚላወሰው ብዙዎቻችን ነን፤ የሚከብደው በማግሥቱ ልጁ ቁርስ ሲጠይቅ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ከእሳቸውና ከልጆቹ አንዱን እንዲመርጡ ጠየቋቸው። ልጆቹን መረጡ። ዘመዶቻቸው አበደች አሏቸው (እውነቱን ለመናገር፣ የእኔም ዘመዶች ከዚህ የተለየ የሚሉ አይመስለኝም)። ያላቸውን ጌጣጌጥ ሸጡ፣ ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ገቡ፣ እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ልጆቹን አበሉ። ልብ በሉ፤ ያኔ ለጋሽ ድርጅት የለም፣ ቢሮ የለም።

ይህ ጥረታቸው ሕጋዊ ማኅበር የሆነው ከዓመታት በኋላ ነው። እሳቸውም ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም እስኪያርፉ ድረስ ከሥራው አልራቁም። ማኅበሩ ለችግረኛ እናቶችም ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ማመቻቸቱን ከሁሉ አስበልጬ አደንቃለሁ፤ እናትየው ገቢ ካገኘች ልጁ ከቤቱ ሳይወጣ ያድጋል።