ጊታሩ ይሸጣል?

ባለፈው እሁድ ጓደኛዬ በቴሌግራም የጊታሩን ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ «አንተ መጻፍ ትችላለህ፣ አሪፍ ማስታወቂያ ሥራልኝ። ልሸጠው ነው» ይላል። ጥቁር ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ሃይስኩል እያለን የለጠፍንበት ስቲከር ግማሹ ተልጦ ግማሹ አሁንም አለ። ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ፣ አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ።

የዚህ ጊታር ነገር የሚጀምረው ከጃኖ ባንድ ነው። «ኤርታሌ» እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ገና ልጆች ነበርን። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ሙዚቃ ቤት ሚሞሪ ካርድ ይዘን ሄደን፣ በጥቂት ብር ሙሉ አልበሙን አስገለበጥን። ከዚያ በብሉቱዝ ለክፍላችን ልጆች አዳረስነው። ከዚያ ብር ውስጥ ለባንዱ አንድ ሳንቲም እንዳልደረሰው የገባኝ ኢኮኖሚክስ ከተማርኩ በኋላ ነው። (ዩኒቨርሲቲ ያስገኘልኝ ትልቁ ነገር ጸጸት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።)

ለማታውቋቸው፦ ሁለት ወንድ ሁለት ሴት ድምፃውያን ከፊት፣ ከኋላ ጊታሮች፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ድራም። አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው ከእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ጋር የሠራው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ያኔ ትልልቆቹ «ይሄ የፈረንጅ ጩኸት ነው» ይሉን ነበር። እኔ አልስማማም። የአዝማሪን ማሲንቆ ቀረብ ብሎ ለሰማ ሰው የጊታር ዲስቶርሽን አዲስ ነገር አይሆንበትም። ያ የሚፋቅ፣ የሚሻክር ድምፅ እኛ ቤት ድሮም ነበር። ጃኖዎች ቅኝታችንን ሳይለቁ ሞንታርቦውን ከፍ አደረጉት፣ በቃ። ቅሬታም አለኝ፦ «ኤርታሌ» ቀረጻው በጣም ተጣርቷል። በመድረክ ቪዲዮዎቻቸው ላይ የማየው ጉልበት አልበሙ ላይ ቀንሶብኛል። ሁለተኛው አልበማቸው «ለራስህ ነው» የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ስድስት ዓመት ጠበቅን። ከእነሱ በኋላ በእኔ ጆሮ ያን ያህል የገባ የአማርኛ ሮክ ባንድ አልመጣም።

ለምን? ለዓመታት መልሴ አንድ ነበር፦ ወጪ። ባውሞልና ቦወን የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን አስረድተውታል። ፋብሪካ ማሽን ገዝቶ በትንሽ ሰው ብዙ ያመርታል። ለአራት ሰው የተጻፈ ሙዚቃ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም አራት ሰው ይፈልጋል። የሌላው ሥራ ምርትና ደሞዝ እያደገ ሲሄድ ሙዚቀኛን በአካል ማስጫወት እየተወደደ ይመጣል። የክለብ ባለቤት ብትሆኑ ለሰባት ስምንት ሰው በየምሽቱ ትከፍላላችሁ ወይስ ለአንድ ዘፋኝና ለአንድ ኪቦርዲስት? አገራችን ይህን ሒሳብ ቀድማ ሠርታዋለች። ዋሊያስ፣ አይቤክስና ሮሃ ባንድ ከነሙሉ መሣሪያቸው የተጫወቱበት ዘመን ነበር። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ገበያ አደከመው፣ በኋላ ደግሞ ኪቦርድ የነፋሾቹንም የድራመሩንም ቦታ ወሰደ።

ጓደኛዬም የሚበላው በኪቦርድ ነው። በሐይቅ ዳር ሰርጎች ላይ የሲዳማውን፣ የወላይታውን፣ የጉራጌውን፣ የኦሮሞውን ምት ከአንድ ሳጥን ያወጣል። ሳጥኑ ደክሞኛል አይልም፣ ምሳ አይጠይቅም። ጊታሩ ግን ክር ይበጥሳል። ክሩ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ነው የሚመጣው፣ ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ዋጋው አይነገርም።

ይህ ሒሳብ በቲቪም ይሠራል ብዬ አምን ነበር። ቃና እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀምር የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ አዲስ ድራማ ከመቅረጽ በጣም ይረክሳል አልኩ፣ የአገር ውስጥ ድራማ አበቃለት ብዬም ተነበይኩ። እናቴ «ጥቁር ፍቅር» ሳያልቅ እራት አታቀርብም ነበር፣ ማስረጃዬ እሷ ነበረች። ከዚያ በአርትስ ቲቪ «እረኛዬ» መጣ። «ረቡኒ»ን የሠራችው ቅድስት ይልማ ያዘጋጀችው ነው። ከተማውን ትቶ ገጠር የገባ፣ የማይቸኩል ድራማ። እናቴ ቱርኮቹን ትታ እሱ ላይ ተተከለች፣ እራቱም እንደገና ዘገየ። እኔ ዲግሪ ይዤ ተሳሳትኩ፣ እሷ ሪሞት ይዛ ልክ ሆነች።

ሮክ ላይ ያለኝን እምነት ደግሞ የናደብኝ ኒጀር ነው። በገንዘብ ከእኛ የተሻለ አገር አይደለም። ሆኖም እዚያ ቱዋሬጎች ሰርግ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወታል። እምዱ ሞክታር የሚባለው ግራኝ ጊታሪስት ከዚያ የወጣ ነው፤ ዘፈኑ መጀመሪያ የተሰራጨው ልክ እንደ እኛ «ኤርታሌ» ከስልክ ወደ ስልክ፣ በሚሞሪ ካርድ ነው። ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ እየዞረ ይጫወታል። ብር የለም፣ ሕዝቡ ዘፈን በነፃ ይገለብጣል፣ ጊታሩ ግን አልተሸጠም።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ በስልክ አስረዳሁት። ባውሞልንም፣ ኒጀርንም። ሰምቶ ሲያበቃ ሳቀ።

«እዛ ሰርገኛው ጊታር አምጡ ይላል። እዚህ ማን ጠየቀኝ?» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ቀጠለ፦ «የእህትህ ሰርግ ላይ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ጊታር እንዳለኝ ከዚያ ሁሉ ሰው የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። አምጣው አላልከኝም እኮ።»

እውነቱን ነው። ያን ቀን ስጨፍር ነው የዋልኩት። የሮክ አፍቃሪ ነኝ ባዩ ሰውዬ፣ የገዛ ቤተሰቤ ሰርግ ላይ፣ ጊታሩ ትዝ እንኳን አላለኝም። ብሩን አባቴ ከፍሎ ነበር፣ ኪቦርዱ ከሚያስከፍለው በላይ የሚጨመር ነገርም አልነበረም። መጠየቅ ብቻ ነበር።

ማስታወቂያውን እስካሁን አልጻፍኩትም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያልኩ ነው፣ እሱም ያውቃል። ግንቦት ላይ የአክስቴ ልጅ ያገባል። ትናንት ደውዬ «አንድ ዘፈን ብቻ በጊታር እናድርግ፣ ሽማግሌዎቹ ከተመረቁ… ማለቴ ምሳ ከተነሳ በኋላ» ብዬ ለመንኩት።

«ጩኸት ነው?» አለኝ።

«ትንሽ» አልኩት።

እናቴን ልጠይቃት ብሏል።