ከሣሩ ሥር ያለው ቅጥያ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የግቢያችን የአትክልት መብራቶች ግማሾቹ ጠፉ። አምፖል ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ከጽጌረዳው ሥር ስቆፍር በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ እብጠት አገኘሁ። ናስትሮው ሲፈታ እጅ ላይ ይለጠፋል፤ ከውስጡ ውሃ ጠብ ይላል፤ ቀይ የነበረው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ገመዱን ጎተት ሳደርገው አንዱ ሽቦ እጄ ላይ ቀረ።

ሽቦውን የቀጠለው ባለሙያ ሥራውን የማያውቅ ሰው አልነበረም። «12 ቮልት ምን ያመጣል» ብሎ ነው። ብዙዎቻችንም እንዲሁ እንላለን፤ ግማሹ እውነት ነው። ከቤት የሚወጣውን 220 ቮልት ትራንስፎርመሩ ወደ 12 ካወረደው በኋላ ሰው ቢነካው አይዘውም። ለመዋኛ ገንዳ መብራት የሚመረጠውም ለዚሁ ነው።

ለቅጥያው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። 60 ዋት የሚበሉ መብራቶች በ220 ቮልት የሚስቡት ሩብ አምፒር ገደማ ሲሆን በ12 ቮልት 5 አምፒር ይስባሉ። ሽቦን የሚያሞቀው ደግሞ አምፒሩ ነው። የላላ ቅጥያ ላይ የ0.2 ኦም ተቃውሞ ብቻ ቢኖር፣ 5 አምፒር ሲያልፍበት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ 5 ዋት ሙቀት ይፈጠራል፤ ከ12ቱ ቮልት አንዱም እዚያው ይቀራል። መብራቱ የሚደበዝዘው፣ ብሎም ፕላስቲኩ የሚቀልጠው በዚህ ነው። ሾፌሮች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የመኪና ባትሪም 12 ቮልት ነው፣ ግን ቁልፍ በፖዘቲቩና በኔጌቲቩ ላይ ቢጋደም እሳት ይረጫል።

ሌላው ጠላት ውሃ ነው። ናስትሮ ደረቅ ቦታ ላይ ጥሩ ነው፤ አፈር ውስጥ ግን ሙጫው ይለቃል። አንዴ ውሃ ከገባ ደግሞ ቅጥያው ላይ አይቆምም፤ በቀጫጭኖቹ የመዳብ ክሮች መካከል ልክ ጋዝ በኩራዝ ክር እንደሚሳብ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ የተበላሸ ቅጥያ ሲታደስ የበሰበሰችውን ጫፍ ብቻ መቁረጥ አይበቃም። የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪመጣ ድረስ ወደ ኋላ መቁረጥ፣ ካነሰም ትርፍ ሽቦ መጨመር ነው።

ከዚህ በፊት ግን ትራንስፎርመሩ ከሶኬት ይነቀል። መግቢያው 220 ነውና ማጥፊያውን ብቻ ማመን አይገባም። ከዚያ ሽቦው አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ይላጣል፤ ክሮቹ ሳይቆረጡ። አንድም ክር ከተቆረጠ ደግሜ እልጣለሁ፤ ለዚች ደቂቃ መሰሰት አያስፈልግም።

ለመሬት ሥር የሚሻለው ውስጡ ቅባት የተሞላ የፕላስቲክ ቆብ ነው። ሁለቱ ጫፎች ተገጥመው ቆቡ ሲጠመዘዝባቸው ቅባቱ መዳቡን ከቦ ውሃ የሚገባበትን ክፍተት ይዘጋል። ቆቡ ከሌለ ሽቦዎቹን በመዳብ እጅጌ አጥብቆ ጨምቆ፣ ውስጡ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ማልበስ ይቻላል። ቱቦው ሽቦዎቹ ከመጋጠማቸው አስቀድሞ መግባት አለበት፤ ይህን ረስቶ ሥራውን ያላፈረሰ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። ሲሞቅ በሁለቱም ጫፍ ሙጫው ብቅ ካለ ቱቦው ዘግቷል ማለት ነው። የሁለቱ ሽቦዎች ቅጥያዎች ፊት ለፊት እንዳይሆኑ፣ አንዱን ጥቂት ሴንቲሜትር ቀደም፣ ሌላውን ዘግየት ማድረግ ይገባል። ልባሱ አንድ ቀን ቢሳሳ እንኳ አይነካኩም።

መረሬ አፈር ያለበት ግቢ አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቃል። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የተወጠረ ሽቦ ካገኘ ጎትቶ ይበጥሳል። ቅጥያው አጠገብ አንድ ዙር ያህል ትርፍ ሽቦ ጠቅልሎ መተው ይህን ጉዳት ያስታግሳል። ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ አፈር ከመመለሱ በፊት፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይዤ ጠበቅ አድርጌ እጎትታለሁ። ከቆቡ የሚንሸራተት ካለ ዛሬ፣ ከእጄ ሳይወጣ ይንሸራተት።

ጉድጓዱን ከደፈንኩ በኋላ በወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ቅጥያ ቦታ ጻፍኩ፤ ከግንቡ 2 ሜትር ከ40፣ ከበሩ 5 ሜትር። ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከትራንስፎርመሩ ሣጥን ክዳን ጀርባ ተለጥፏል። አትክልተኛችን ዶማ ከማንሳቱ በፊት አሁን መጀመሪያ እሱን ከፍቶ ያያል።