መውደቅን የሚያስተምር አዳራሽ

የ4 ዓመት ልጅ ወደ ጂምናስቲክ አዳራሽ ሲገባ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ትራምፖሊኑ ላይ ነው። ጥሩ አሰልጣኝ ግን የሚጀምረው ከአወዳደቅ ነው። ልጁ ከዝቅተኛ ሣጥን ላይ ይዘላል፤ ጉልበቱን አጠፍ፣ እጆቹን ወደ ፊት ዘርጋ አድርጎ በሁለት እግሩ ያርፋል፤ ሦስት እስኪቆጠር ንቅንቅ አይልም። ወደ ኋላ መውደቅንም ይለማመዳል። ሰው ወደ ኋላ ሲወድቅ ሳያስበው እጁን መሬት ላይ ይተክላል፤ ልጆች የእጅ አንጓቸውንና ክርናቸውን የሚሰበሩትም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ስለዚህ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ስቦ፣ በመቀመጫውና በጀርባው መንከባለልን ይማራል። ይህ ልምድ በደረጃ ላይም፣ በእርጥብ ወለል ላይም አብሮት ይኖራል። ለእኔ የጂምናስቲክ ትልቁ ስጦታ ይህ ነው።

በቴሌቪዥን የምናየው ሌላውን ጂምናስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ላይ የ14 ዓመቷ ናዲያ ኮማኔቺ ሙሉ 10 ነጥብ ካገኘች ወዲህ ብዙ ወላጅ ስፖርቱን ከሜዳልያ ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። አጀማመሩ ግን ለሜዳልያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1811 ፍሪድሪክ ሉድቪግ ያን በርሊን አጠገብ በሃዘንሃይደ ሜዳ መሣሪያ ተክሎ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመረ። ከ1848ቱ አብዮት በኋላ የተሰደዱ ጀርመናውያንም የጂምናስቲክ ማኅበሮቻቸውን እነ ሲንሲናቲን በመሰሉ የአሜሪካ ከተሞች አቋቋሙ። ዛሬም ነጥብና ሜዳልያ የሌለበት፣ ከሕፃን እስከ አዛውንት የሚሳተፍበት ጂምናስትራዳ የተባለ ዓለም አቀፍ ትርኢት በየአራት ዓመቱ ይካሄዳል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1953 በሮተርዳም ተደርጓል። በአሜሪካ አዳራሾች በሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት ያህል የሚመጡት ልጆች የዚህ ወገን ናቸው።

ለውድድር የሚውለው የሚዛን አግዳሚ 10 ሴንቲሜትር ስፋትና 5 ሜትር ርዝመት አለው፤ ከመሬት ያለው ከፍታ 125 ሴንቲሜትር ነው። ትንሹ ልጅ የሚራመደው ግን መሬት ላይ በተነጠፈ አግዳሚ፣ ያም ካልሆነ በተሰመረ መስመር ላይ ነው። እንዲህ ሆኖም ሚዛን ይጠይቀዋል። በቁርጥራጭ ስፖንጅ የተሞላው ጉድጓድ ለስላሳ ይምሰል እንጂ ሕግ አለው፤ በእግር፣ በመቀመጫ ወይም በጀርባ እንጂ በጭንቅላት አይገባበትም። ትራምፖሊን ላይ የሚወጣውም አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ሁለትና ሦስት ሆነው ሲዘሉ ነውና።

የአሰልጣኙ ጥበብ በጣም የሚታየው ወደ ፊት መንከባለልን ሲያስተምር ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፤ ሲወለድ የቁመቱን ሩብ ያህል ይይዛል፣ በአዋቂ ላይ ግን ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው። ልጁ ለመገልበጥ ሲያጎነብስ ይህ ሁሉ ክብደት ይጎትተዋል፤ ክንዱ ካልተሸከመው አንገቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አሰልጣኙ ተዳፋት ፍራሽ ያነጥፍለታል። ቁልቁለቱ ግማሹን ሥራ ይሠራለታል፤ ልጁ መዳፉን መትከሉንና አገጩን መሳቡን ብቻ ያስባል። ሲለምደው ተዳፋቱ ዝቅ ይላል፣ ከዚያም ጠፍጣፋ ወለል ላይ ይሞክራል። በእጅ መቆምም እንዲሁ ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ መጀመሪያ እንደ ድብ በአራት መሄድ፣ ቀጥሎ እግርን ግድግዳ ላይ እያወጡ መቆም። ለ4 ዓመት ልጅ «ሆድህን አጥብቅ» ማለት ብዙ አይገባውም፤ «ሆድህ ላይ ሊዘንብ ነው፣ ደብቀው» ሲባል ግን ወዲያው ይሰበስበዋል።

ሰልፍ የዚህ ትምህርት ጠላት ነው። ተራ የሚጠብቅ ልጅ ይሰለቻል፣ የሰለቸ ልጅ ይገፋፋል፣ ሲገፋፋም ይጎዳል። ስለዚህ አዳራሹ በጣቢያ በጣቢያ ይከፋፈላል፤ አንዱ ሲንከባለል ሌላው ይንጠለጠላል፣ ሦስተኛው በአግዳሚው ላይ ይራመዳል። አሰልጣኙ የእጅ ድጋፍ የሚያስፈልገው ጣቢያ ላይ ይቆማል፤ ጀርባውን ግን ለሌሎቹ አይሰጥም።

የአሰልጣኝ እጅ ከተነሣ መታለፍ የሌለበት ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የአሜሪካ ብሔራዊ የጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር በተፈረደበት ችሎት ከ150 በላይ ሴቶች ያደረሰባቸውን በደል ተናገሩ። በዚያው ዓመት በስፖርቱ ያሉ አዋቂዎች የጥቃት ጥርጣሬን እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ጸደቀ። አዋቂና ልጅ ሌላ ሰው በማያይበት ቦታ ለብቻቸው አይቀመጡም። ድጋፍ ሲያስፈልግም የት እንደሚያዝ ለልጁ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ልጁ አልፈልግም ካለ ቃሉ ይከበራል። ወላጅ የሚያይበትን መስኮት የሚጋርድ አዳራሽ ምንም ሰበብ ቢደረድር እኔ አልቀበለውም።

ከገንዘብ ረገድ ሥራው ከባድ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ ሰፊ ቤት ያስፈልጋል፣ ኪራዩም ኢንሹራንሱም ውድ ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት በሚውሉበት ሰዓት ደግሞ ቤቱ ጭር ይላል። ባለቤቶች ጠዋቱን ከወላጅ ጋር ለሚመጡ ሕፃናት፣ ቅዳሜና እሑድን ለልደት፣ ክረምቱን ለቀን ካምፕ ያውሉታል። ብዙ ቦታ የውድድር ቡድኑ ስም ቢያስጠራም ኪራዩን የሚሸፍነው የእነዚያ በሳምንት አንዴ የሚመጡ ልጆች ክፍያ ነው። ስለዚህ ጎበዙን አሰልጣኝ ለቡድኑ፣ ገና ጀማሪውን ለሕፃናቱ መመደብ በሁለት በኩል ያከስራል። ሕፃናትን ማስተማር የበለጠ ዕውቀት ይጠይቃል እንጂ ያነሰ አይጠይቅም።

በአገራችን ለዚህ ሙያ ቅርብ የሆነው ሰርከስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያ ብዙ ልጆችን መገለባበጥና በእጅ መቆም አስተምሯል። አሜሪካ ውስጥ ግን በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌላ ከተማ ልጁን ሊያስመዘግብ የሚሄድ ወላጅ ክፍያውን ከመጠየቁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብሎ ይመልከት። ልጆቹ ቆመው የሚጠብቁት ብዙ ነው? የፈራው ልጅ ይገፋል ወይስ ዝቅ ያለ መሣሪያ ይሰጠዋል? ከአግዳሚው የወደቀችው ልጅስ ስትነሣ መጀመሪያ የምታየው የማንን ፊት ነው?